የአጎቴ ጣት እና የአንቀጽ 18 ግማሽ መስመር

አጎቴ የቡና ስኒ የሚያነሡት በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ነው። የቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት የለም። ከሥሩ ትንሽ ጉብ ብሎ ቀርቷል። ልጆች ሳለን ያችን ጉብታ መነካካት ደስ ይለን ነበር። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ስንላቸው «እንጨት ስፈልጥ» ይሉናል። እናምናለን። ኮምቦልቻ ዳር ያደገ የገበሬ ልጅ እንጨት ሲፈልጥ ጣቱን ቢያጣ ምን ይገርማል?

እውነቱን የሰማሁት በቅርቡ ነው። 2017 መጀመሪያ ላይ ደሴ እኛ ቤት ሰደቃ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ጨዋታው ወደ አፈሳ ዞረ። ያን ሰሞን በኦሮሚያ ከተሞች ወጣቶች ሳይወዱ በግድ ለውትድርና እየተያዙ ነው የሚለው ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን ተከታትሎ፣ ከተያዙት መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጭምር እንደነበሩ በመግለጫው ተናግሯል። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ሊሄድ ሻንጣውን ካሰናዳ በኋላ አስቀርታው ነበር። «ቁጭ ይበል፤ ሥራውም ጥንቅር ይበል» እያለች ስታወራ አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይችን ጣት እኔው ነኝ የቆረጥኳት» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ብቻ አልደነገጠችም። ለካ ታውቅ ኖሯል።

ብሔራዊ ውትድርና በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው። አጎቴ 19 ዓመታቸው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ቀድሞ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ስም ዝርዝር ሲያነብ የእሳቸውም ስም ተጠራ። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ከማጀቱ መጥረቢያውን አወጡ። እጃቸውን እንጨት የሚፈለጥበት ግንድ ላይ አኖሩ። አያቴ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ልጇ ግንዱ አጠገብ ተቀምጧል። የተወቀጠ ቡና ቁስሉ ላይ ሞጅራ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አሰረችው። የሰነጠቀችው ነጠላ የዒድ ልብሷ ነበር። እናቴ ከሁሉም የምታስታውሰው እሱን ነው።

መልማዩ እጃቸውን አየና በጥፊ አላቸው። «ወስላታ!» አላቸው። አምስት ቀን አሰራቸውና ከዝርዝሩ ሰረዛቸው። ተኩስ ያለ ጠቋሚ ጣት አይሆንማ።

«ፈርተው ነው?» አልኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ አሳፈረኝ።

«ሞትማ ያን ጊዜ የትም ነበር» አሉኝ። «ረሃቡ ጎረቤቶቻችንን ሲጨርስ አይቻለሁ። ወላሂ፣ ሰው መግደል ነው ያቃተኝ። ግን ይኸን ለማን ትለዋለህ? ሊቀመንበሩን ቀልቤ አልፈቀደም ብትለው ይስቅብሃል። ጣትህን ግን ያየዋል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። አጎቴ ያሉት ነገር በሕግ ቋንቋ ስም አለው። ኅሊናው ስለማይፈቅድለት መሣሪያ አልይዝም የሚል ሰው ይባላል። የሚገርመው፣ የኛም ሕገ መንግሥት ይህን ሰው ያውቀዋል። አንቀጽ 18 ሰውን በግዴታ ማሠራት ይከለክላልና ቀጥሎ እንደ ግዴታ ሥራ የማይቆጠሩትን ይዘረዝራል። ከነዚያ አንዱ፣ ውትድርና ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ስለሱ በቀጥታ የተጻፈው ይኸው ነው። ግማሽ መስመር። ከ1987 ጀምሮ እዚያው ተቀምጣለች።

እኛ አካባቢ ስለ ጦር ሲወራ ወረኢሉ ሳይነሣ አይቀርም። በመስከረም 1888 አጼ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲጠብቃቸው ነበር ያዘዙት። አዋጁን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፤ ጉልበት የሌለህ በሐዘን እርዳኝ፤ ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ ለዚህ አማላጅ የለኝም። ዓድዋን የሚያህል ነገር የወለደ አዋጅ ነው፤ እኔም ስሰማው ጸጉሬ ይቆማል። ግን አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው። ጉልበት ያለው፣ ጉልበት የሌለውና ወስላታው። አጎቴ ጉልበት ነበራቸው። ስለዚህ ከወስላታው ተርታ ገቡ። የመልማዩ አፍ ያን ቃል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ግን ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላም ሌላ ቃል አልነበረውም።

የድሮው ክተት እርግጥ ከአፈሳ ይለያል። ገበሬው የሚዘምተው የአገሩን መኳንንት ተከትሎ ነው። ስንቁን ራሱ ይይዛል፣ በቅሎ ወይም አህያ ካለው ይጭናል፣ ሚስቱ እየፈጨችና እየጋገረች አብራው ትጓዛለች። ደመወዝ የለም። ግዴታው ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ መሬት የያዘ ይዘምታል። ዘመቻው ሲያልቅ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ በሕይወት ከተረፈ። የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት ከደሴ ተነሥቶ በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ሲያልቅ ከወሎ ስንቱ ቤት እንደተዘጋ ማን ቆጠረው? በ1928 ኅዳር ደግሞ ጃንሆይ ጦሩን ሊመሩ ደሴ ሲገቡ የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን በቦምብ ደበደባት። የወሎ ሰው ጦርነትን በወሬ አያውቀውም ለማለት ነው።

ኅሊናንም በወሬ አያውቃትም። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 አጼ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እነ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አሻፈረን ብለው ሸፈቱ። ብዙው ሕዝብ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነ። በአፉ እሺ፣ በሆዱ እምቢ። ወሎን በመቻቻል የሚያሞግሱት ሁሉ ይቺን ትምህርት ዘለው ነው የሚያልፏት። ኅሊናን ደብቆ ማኖር እዚህ አገር የተማርነው ሙያ ነው። አጎቴ «እንጨት ስፈልጥ» እያሉ ስንት ዓመት ኖሩ?

በንጉሡ ዘመን የቆመው ዘመናዊ ጦር ደመወዝተኛ ነበር። ድሃ ወጣት ምግብና ልብስ አገኛለሁ ብሎ ይቀጠራል። ነገሩ የተበላሸው ደርግ በአንድ ጊዜ ብዙ ግንባር ሲከፍት ነው። በ1968 ወሎን ጨምሮ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበ ገበሬ በራዛ ዘመቻ ወደ ኤርትራ ተነዳና ሳይሆንለት ቀረ። በ1969 የሶማሊያ ወረራ ሲመጣ የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፣ ሚሊሺያው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። ያኔ በገዛ ፈቃዱ የዘመተው ብዙ ነው። አገር ተወሯላ።

ከዚያ በ1975 አዋጅ ቁጥር 236 መጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። ወረቀቱን ላየው ሰው ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል። ሌላም አገር እንዲህ ያለ ሕግ አለ። መሬት ላይ ግን ወደ ቀበሌና ወደ ገበሬ ማኅበር የወረደው ኮታ ነው። ይህን ያህል ሰው አምጡ። ኮታው በስም ዝርዝር ካልሞላ በሌሊት ፍተሻ ይሞላል። ካልሆነም በገበያ ቀን። ከገጠር በግ ሊሸጥ የመጣ ልጅ በጉን እንደያዘ መኪና ላይ ይወጣል። ሊቀመንበሩ የጠላውን ያስይዛል፣ ዘመዱን ያስቀራል፣ የሚከፍለውን ይረሳል። ሁለት ዓመቱም ቢሆን ለብዙው አላለቀም።

አፈሳ የሚለው ቃል ራሱ ይገርመኛል። የሚታፈሰው እህል ነው። ከዐውድማ ላይ በእፍኝ ይታፈሳል። ፍሬ ከፍሬ አይመረጥም፣ ስም አይጠየቅም። ሕዝቡ ይህን ቃል ያወጣው አዋጁን አንብቦ አይደለም፤ በመኪና ተጭነው በሐረጎ ቁልቁለት የወረዱትን ልጆች አይቶ ነው።

ያ ወቅት ደግሞ የ1977 ረሃብ ነው። ወሎ እየረገፈች ነበር። ከረሃቡ የተረፈው ሰፈራ ይጠብቀዋል፣ ከሰፈራ ያመለጠው ውትድርና። እናቴ «ወንድ ልጅ ቤት ሲያመሽ ደግ፣ ደጅ ሲያመሽ ደግሞ ይሻላል እንል ነበር» ትላለች። ፍተሻው ቤት ነዋ የሚመጣው። ልጆች ጎታ ውስጥ ተደብቀዋል፣ ቆጥ ላይ አድረዋል፣ በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርደው ጅቡቲ ገብተዋል። እናቶች ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አድርገዋል፤ ሌሎቹ ለገብርኤል ተስለዋል። ተማሪነት ለጊዜው ያስጥል ነበር፤ በ1983 ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተጫነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሥርዓቱ ፈረሰ። ተማሪዎቹ ኬንያ ድንበር ተሻገሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በየመንገዱ ለምኖ እየበላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሚደበቀው፣ ለሚያመልጠው፣ ለሚከዳው ቃል አለን። «እዚህ አለሁ፣ አልሸሽም፣ ግን ሰው አልገድልም» ለሚለው የለንም። ነበሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች። የይሖዋ ምሥክሮች መሣሪያ አንይዝም በማለታቸው ታስረዋል፣ ተሠቃይተዋል። ጎረቤት ግን እንደ እብድ ነበር የሚያያቸው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። አሁን በሕግ የግዴታ ውትድርና የለም። መከላከያ የሚቀጥረው ፈቃደኛን ነው። ስለዚህ ያቺ ግማሽ መስመር ለጊዜው ሥራ የላትም የሚል የሕግ ሰው ይኖራል። ግዴታ ከሌለ ከግዴታ ነፃ መሆን ምን ትርጉም አለው? ጥሩ ክርክር ነው፣ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው።

መንገድ ላይ ለተያዘ ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግዴታ የሚጥል ሕግ ስለሌለ እሱ በወረቀት ላይ ፈቃደኛ ነው። ፈቃደኛ ደግሞ ምን ብሎ ይቃወማል? የደርግ ምልምል ቢያንስ «የአዋጁ ዕድሜ አልደረሰኝም»፣ «ሁለት ዓመቴን ጨርሻለሁ» ሊል ይችል ነበር፤ ሰሚ ባያገኝም። የዛሬው የሚጠቅሰው ቁጥር እንኳ የለውም። ከመጥፎ ሕግ የከፋ ነገር አለ ወይ ብትሉኝ ይኸው።

«ጠላት ደጅህ ሲደርስ ኅሊናዬ ትላለህ?» የሚሉኝ አሉ። አንድ ወዳጄ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን እንዲህ ሲል ጠረጴዛውን መታው። «በ2014 ሁሉም ኅሊናዬ ቢል ደሴን ማን ያስመልሳት ነበር?» አለኝ። ይህን ክርክር በቀላሉ አላልፈውም። ጥቅምት 20 ገደማ የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻን ሲይዙ እኔም ልጆቼን ይዤ በእግር የወጣሁ ሰው ነኝ። ኅዳር 27 ከተማዋ መመለሷ ሲነገር አልቅሻለሁ። ያስመለሷት ሰዎች ባለውለታዎቼ ናቸው። መሣሪያ ያነሣ ሁሉ ኅሊና የለውም አልወጣኝም። ብዙው ያነሣው ኅሊናው ስላዘዘው ነው።

ግን ወዳጄ የዘነጋው ነገር አለ። ያን ሰሞን ጥቅምት 23 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ዕድሜው የደረሰና መሣሪያ ያለው ሰው ሠልጥኖ ግዳጅ እንዲቀበል ወይም መሣሪያውን እንዲያስረክብ ማዘዝን ይፈቅድ ነበር። አያችሁ? «ወይም» የምትል ቃል በችግር ቀን እንኳ ትገባለች። አገር አላፈረሰችም። ለጠብመንጃው «ወይም» ከተገኘ ለሰውየው የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ እምቢ ማለት ቤት መቀመጥ አይደለም። ያን ኅዳር ቁስለኛ የሚያነሣ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚቀብር ሰው ጠፍቶ ነበር። አጎቴን ያን ጊዜ ጠብመንጃ ሳይሆን ቃሬዛ ያዝ ቢሏቸው ኖሮ መጥረቢያው ከማጀቱ አይወጣም ነበር። ቦሩ ሜዳ ዛሬ ሆስፒታል አለበት። የሰው እምነት በግድ የተቀየረበት ሜዳ አጠገብ፣ ኅሊናው ያልፈቀደለት ወጣት በሽተኛ ሲያስታምም ቢውል ደስ ይለኛል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ዝም አለና «እሱስ ይሆናል» አለኝ። ሻዩን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

ሌላው ዓለም ያደረገውን ማየት አይጎዳም። ደቡብ ኮሪያን ውሰዱ። በ1943 የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን የሞቱላት አገር ናት። ከሰሜኑ ጋር ጦርነቱ በሰላም ውል ስላልተዘጋ ወንዱ ሁሉ ይዘምታል። እምቢ ያሉትን፣ በተለይ የይሖዋ ምሥክሮችን፣ በሺዎች እያሰረች ኖራለች። በሰኔ 2010 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ አማራጭ አገልግሎት አለመኖሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በ2013 ጀመሩት። ተቃዋሚው 36 ወር ማረሚያ ቤት ውስጥ እያደረ ይሠራል። ከእግረኛ ወታደሩ እጥፍ ነው፤ ለእኔ ቅጣት ቅጣት ይሸታል። ቢሆንም ጠላት ደጇ ላይ የተቀመጠባት አገር ናት፤ አልፈረሰችም።

በሌላ በኩል ኤርትራ አለች። ሕጓ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው ይላል። ከ1990ው የድንበር ጦርነት ወዲህ ግን ማለቂያ የለውም። የይሖዋ ምሥክሮች በ1987 ዜግነታቸውን ተነጠቁ። ከነሱ ሦስቱ በዚያው ዓመት መስከረም ታስረው የተፈቱት በኅዳር 2013 ነው። 26 ዓመት፣ ያለ ፍርድ። ወጣቱ ደግሞ ድንበር እያቋረጠ ካለቀ ቆየ።

እኛ መሐል ላይ ነን። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ሕጉ የሚጻፈው ጥይት በማይሰማበት ቀን ነው፤ የክተት ነጋሪት ከተጎሰመ በኋላ ይህን የሚያነሣ ሰው ባንዳ ተብሎ ይቀራል። ምን ይጻፍ ለሚለኝ፣ ብዙ አልጠይቅም። መንግሥት አንድ ቀን ዜጋን በግዴታ የሚጠራ ከሆነ በማን፣ በምን ዕድሜ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ በምክር ቤት ይወሰን። ቀበሌ ኮታ አይቀበል። ኅሊናዬ አይፈቅድም የሚለውን ኮታውን የሚሞላው ሰው አይስማው፤ ሌላ ሰሚ ይኑር፣ ፍርድ ቤት ቢሆን ጥሩ። የሃይማኖት ወረቀት ብቻ አይጠየቅ። አጎቴ ምንም ዓይነት ወረቀት አልነበራቸውም፣ ሰው መግደል ብቻ ነው ያቃታቸው። በግድ የያዘ ደግሞ፣ ካድሬም ይሁን የሚሊሺያ አዛዥ፣ ይጠየቅ።

ሰሞኑን ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ሕገ መንግሥቷን ይዤላቸው ሄድኩ። ትንሿን፣ ኪስ የምትገባዋን። አንቀጽ 18ን አነበብኩላቸው። ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸውም አዩዋት። ጣቱ በሌለበት እጅ መስመሩን ተከትለው ጨረሱት።

«መቼ ነው የተጻፈችው?»

«በ1987፣ ጋሼ።»

«እኔ ከቆረጥኩ በኋላ ነዋ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ዞር ብለው ደጁ ላይ ስልኩን የሚነካካውን የልጅ ልጃቸውን አዩት። 18 ሊሞላው ወራት ቀርተውታል።

«እንግዲህ እሱ ቢጠራ፣» አሉኝ፣ «የት ሄዶ ነው ይችን የሚላት? የትኛው ቢሮ?»

«ቢሮው ገና የለም» አልኳቸው።

መጽሐፏን አጥፈው መለሱልኝ።